ሁለተኛዋ ተጠቃሚ

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃው አርባ ሁለት፤
ትርንጎ ናት የቆጠረችው፣ ጉልበቷ ሲዝልባት።
እኔ ከቁጥር ጋር አልተዋደድሁም፤
ልደቴን እንኳ ጸሐፊ ነው የገመተው፣ እኔ አልነገርሁም።

ክሊኒኩ ቀድሞ ደብዳቤ ይልክ ነበር፣ በማናነበው ፊደል።
ትርንጎ ከጋዝ ሒሳቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ታስተኛዋለች፣
«ደህና ብንሆን ኖሮ አይጽፉልንም» እያለች።

በኋላ አቪታል መጣች።
እዚሁ የተወለደች፤ አማርኛዋ እርጥብ ጭራሮ፣
ከነበልባሉ ጢሱ የሚበዛ።
ቱቦ ያለው ጥቁር ጨርቅ አወጣች፣
ስልኩን በሱፍ ፍሬው ሳህን አስደገፈች፣ ከጠረጴዛ፤
«አባባ» አለች፣ «ክንድሽን ስጠኝ።»
ትርንጎ በሳቅ ፈረሰች።
«ልክ ነሽ ልጄ፣ ክንዱማ የኔ ነው፤
ሃምሳ ዓመት የተንተራስሁት፣ ማን ሊወስደው?»

ስልኩ ሁለታችንንም መዘገበ፦
አንደኛ ተጠቃሚ፣ ቢያድግልኝ። ሁለተኛ ተጠቃሚ፣ ትርንጎ።
ጠዋት ጠዋት፣ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«እባክዎ ይቀመጡ። እግርዎን አያነባብሩ። አይናገሩ።»
አይናገሩ ሲላት ነው ወሬ የሚመጣባት፤
ስለ ሩሲያዊቷ ጎረቤት፣ ስለ መብራት ሒሳብ፣
ልጃችን ሳይደውል ስላለፈው ሰንበት።
ቁጥሩ ይወጣል፤ ስልኩ ቀይ ይለብሳል፦ «ጨው ይቀንሱ።»
«ጨው አይደለም፤ ዝም በይ ስላልኸኝ ነው» ትለዋለች።

እኛ የምናውቀው በሽታ ያተኩሳል፣ ያስላል፣ አልጋ ያስይዛል፤
ይኸኛው አብሮህ ገበያ ወጥቶ
ፌስታል ተሸክሞ ይመለሳል።

በየካቲት ሞተች። በግፊቱ አይደለም፤ በቆሽቷ።
ሰባቱን ቀን መሬት ተቀመጥን።
በስምንተኛው ጠዋት ስልኩ ተጣራ፦
«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ክንድዎን ያዘጋጁ።»
ዝም አልሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደገመ።
ማታም። በማግስቱም።
የሚያጠፋው ቁልፍ በዕብራይስጥ ነው የተጻፈ፣ ደግነቱ፤
ማንበብ አልችልም።

እናም ግራ ክንዴን ሰጠሁት።
ቀኙ የኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የዶሮ ሣጥን ያነሣሁበት፤
ግራው የሷ፤ በዚያ በኩል ነበር የምትተኛው።
ጨርቁ ተነፋ፣ ጨበጠኝ፣ እንደ ሰው ቆየ፣ ለቀቀኝ።
የኔ አረንጓዴ፣ የሷ ቀይ፣
እንደ ድሮው።
«አየሽ» እላታለሁ፣ «ዛሬም ጨው!»
ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርን።

አንድ ቀን በር ተንኳኳ። አቪታል፣ ከወሊድ ዕረፍት የተመለሰች፣
አርባ ሁለቱን በሩጫ ወጥታ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ።
«ትርንጎ የት ናት? ኮምፒውተሩ እየጮኸ ነው፤
መቶ ሰማንያ ዘጠኝ!»
ፎቶዋን ግድግዳው ላይ አየች። ከሥሩ ሻማውን።
የግራ እጅጌዬን ቀስ ብዬ ሰበሰብሁ።
ነገሩ ሲገባት ወንበር ፈለገች።

ከዚያ ቀኜን ለካች፣ ግራዬን ለካች፣ ደግማ ቀኜን፤
ለሐኪሙ ደወለች፣ በዕብራይስጥ ተፋጠኑ።
«የቀኙ ቧንቧ ሳይጠብ አይቀርም ይላል፤
ቀኝህ ሲዋሽ ነው የከረመ። እውነተኛው ግፊትህ
በሷ ስም የገባው ነው።»

ሃምሳ ዓመት ተከራክሬያት
አንድ ቀን ተሸነፍሁ ያላልሁ ሰውዬ
በማስረጃ ተረታሁ።

መድኃኒቱን ጽፋ ስልኩን አነሣች፤
ጣቷ ከትርንጎ ስም ላይ ቆመ።
«ልሰርዘው?»
አፌ መልስ ሲፈልግ ዐይኔን አየችው መሰለኝ፤
ስልኩን መልሳ አስቀመጠች፣ ጨርቁን ዘረጋች፦
«አባባ፣ ክንድሽን ስጠኝ።»

አላረምኋትም።